የፖስታውን ጀርባ አዙሩት

ባለፈው ሳምንት የደሴው የሆጤ ሰፈር ልጅ የሆነ አንድ ወጣት ስልኩን ይዞ ቤቴ መጣ። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ» አለኝ። ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ለጨረታ የቀረበ እሽግ ነው። ሻጩ «አሮጌ የአፍሪካ ፖስታዎች» ብሎ ጽፎ አንድ ደብዛዛ ፎቶ ለጥፏል፣ ሌላ መግለጫ የለውም። መነሻ ዋጋውም ርካሽ ነው። ልጁ ፊቱ በርቷል። «ካሸነፍኩ ቴምብሮቹን በውሃ አላቅቄ አንድ በአንድ እሸጣቸዋለሁ፤ አያዋጣም?» ሲለኝ ቶሎ መልስ አጣሁ። ይህን የምጽፈው ለሱና እንደሱ ለምትጠይቁኝ ሁሉ ነው።

በ1967 ዓ.ም. ክረምት ደሴ ፒያሳ አንድ የቆዳና ሌጦ ነጋዴ ዘንድ ሒሳብ ጸሐፊ ነበርኩ። ሐጂ እንላቸው ነበር። መጋዘኑ ሲጸዳ ከአንድ የጣውላ ሳጥን ከአሥመራ፣ ከጅቡቲና ከኤደን የመጡ የድሮ ደብዳቤዎች ወጡ። ደብዳቤዎቹ በፋይል ተቀምጠዋል፤ ባዶ ፖስታዎቹ ለብቻ በሲባጎ ታስረዋል። ቴምብር እንደምወድ ስለሚያውቁ «ውሰዳቸው» አሉኝ። የጦሳ ተራራ በጉም እንደተሸፈነ ነው፣ ዝናቡም አያባራም፤ እኔ የተከራየሁት ክፍል ቁጭ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ በመቀስ ስቆርጥ አደርኩ። ቁርጥራጮቹን ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፍኳቸው፤ ቴምብሮቹ ሲላቀቁ መስኮቱ መስታወት ላይ ለጠፍኳቸው፤ እየደረቁ አንድ በአንድ ረገፉ። ጥጋቸው የተቆረጠውን ፖስታዎች አከራዬ ለከሰል ማቀጣጠያ ወሰደቻቸው። ሁለት ሳምንት ቡና ተፈላባቸው።

ከነዚያ አንዱ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ሰማያዊ፣ ስስ፣ ከኤደን የመጣ። ጀርባው ላይ የደሴ ፖስታ ቤት ክብ ማኅተም፣ ፊቱ ላይ በሐምራዊ እርሳስ የተጻፈ አድራሻ ነበረው፤ አማርኛውና ዐረብኛው ጎን ለጎን።

ከወራት በኋላ ሐጂ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥተው ቆሙ። ኤደን የሚኖረው ወንድማቸው መሞቱን ሰምተዋል። ደብዳቤዎቹን የሚጽፍለት ሌላ ሰው ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ አድራሻውን በገዛ እጁ ጽፎ ነበር። «ያ ሰማያዊው አለ?» አሉኝ። «ጠፋብኝ» አልኳቸው። መቃጠሉን መናገር አቃተኝ። «ግድ የለም» ብለው ወደ ሚዛናቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ፤ ዳግም አላነሱብኝም። ባነሱብኝ ይሻለኝ ነበር።

ገበያውም ቢሆን የሚነግራችሁ ይህንኑ ነው፤ ቴምብሩን ከፖስታው አታላቅቁ። የምኒልክና የአንበሳ ምስል ያለባቸው የመጀመሪያዎቹ 7 ቴምብሮቻችን በ1887 ዓ.ም. ግድም ፓሪስ ታትመው የወጡ ናቸው። ያልተለጠፉት በብዛት ለአውሮፓ ሰብሳቢዎች ስለተሸጡ ዛሬም በቀላሉ ይገኛሉ። ደብዳቤ ላይ ተለጥፈው የተጓዙት ግን ብርቅ ናቸው። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ በጅቡቲ በኩል የፈረንሳዮቹ ቴምብር ይጨመርበት ነበር። ሻጩ ታዲያ ያንን አይቶ ከፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች ጋር ይመድበዋል። ደሴ ከሚያዝያ 1928 እስከ ሚያዝያ 1933 በጣልያን እጅ ስለነበረች የዚያን ጊዜ ደብዳቤዋ ጣልያን ክፍል ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። ስሟን በጣልያንኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ ደግሞም «አቢሲኒያ» ብላችሁ፣ ፊደልም እያሳሳታችሁ ፈልጉ። ደልካምፕ በሚባለው የሰብሳቢዎች የኢንተርኔት ገበያ ላይም እንዲሁ። በተለይ የኅዳር 1928 ማኅተም ካገኛችሁ አትለፉት፤ ያን ወር ንጉሡም የውጭ ጋዜጠኞችም ደሴ ነበሩ፣ ኅዳር 26 ቀን ከተማዋ በአውሮፕላን የተደበደበችበት ወር ነው።

የዛሬ ልጆች ዋጋውን ታያላችሁ እንጂ ዕቃውን አታገላብጡም። በፍለጋ ግን ትበልጡኛላችሁ፤ እኔ በሳምንት የማላገኘውን ይህ ልጅ በአንድ ማታ አግኝቶታል።

የጨረታው አሠራር ግልጽ ነው። የመጨረሻ አቅማችሁን ስታስገቡ ዋጋው ከተከታያችሁ ተጫራች አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ብሎ ይቆማል። ስለዚህ ቁርጡን ወስናችሁ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች አንዴ ብቻ አስገቡ። ቀድማችሁ ከነካካችሁት ሌላውን ትቀሰቅሳላችሁ።

የጀርባውን ፎቶ ሻጩን ጠይቁ። አንድ ጊዜ ስጠይቅ ሻጩ ነቅቶ መግለጫውን አስተካከለ፤ ዋጋው ከአቅሜ በላይ ወጣና አመለጠኝ። ብዙ ሰብሳቢ «ዝም ብለህ ግዛ» ይላል፤ እኔም አንዳንዴ ዝም ብያለሁ። ለናንተ ግን ጠይቁ ነው የምለው፤ ያ ፖስታ የአንድ ሰው ወንድም የጻፈው ሊሆን ይችላል።

ከልጁ ጋር ዛሬ ጥያቄውን አብረን ጽፈን ለሻጩ ልከናል። ጨረታው የሚዘጋው እሑድ ሌሊት ነው፤ እኔ ዘንድ ያድራል። እሽጉ ከደረሰን፣ ሰማያዊ ካለበት መጀመሪያ እኔ ላገላብጠው ብዬዋለሁ።