የታመመው ባልደረባችንና እጄ ላይ ያለው 94 ሺህ ብር

ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጆች፤

ስታዲየም አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው። የሠራተኞች መረዳጃችን ገንዘብ ያዥም ነኝ። አንድ ባልደረባችን አምና «ሁለቱም ኩላሊቶቼ ሥራ አቁመዋል» ብሎ ነገረን። ቢሮው በሙሉ ተረባርቦ 186 ሺህ ብር አዋጣ። የእሱ ሒሳብ ታግዷል ስለተባለ ብሩ የገባው በአክስቱ ስም ነው።

አሁን ሁለተኛ ዙር ተጀምሯል። ህንድ ሄዶ ኩላሊት ሊቀየርለት ነው፤ 1.2 ሚሊዮን ብር ያስፈልጋል ተብሏል። ባቀረበው ዝርዝር ላይ የአንድ ሰው ትኬት አለ፤ ከመሥሪያ ቤቱ የጠየቀው ደግሞ የሦስት ሳምንት ፈቃድ ነው። እስካሁን 94 ሺህ ብር ገብቶ እኔ ዘንድ ተቀምጧል።

ሆዴ የገባው ጥርጣሬ አላስተኛ አለኝ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት 12 ሰዓት የኩላሊት እጥበት እንደሚገባ ይናገራል፤ 3 ሰዓት ላይ ግን ወንበሩ ላይ ነው። የሚታጠብበትን ቦታ አይናገርም፤ «መጥቼ ልጠይቅህ» ያለውን ሁሉ «አትምጣ» ብሎ ይመልሳል። የሰጠን ወረቀት ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ዓ.ም. የተጻፈ ነው፣ ማህተሙ ጥቁር ነው፣ «ክሬቲኒን 1.4» ይላል፤ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። ወዘናውም እንደ ድሮው ነው።

እናቴ «የታመመ ሰው አይመረመርም፤ የሰጠሽው ለፈጣሪ ነው» ትለኛለች። የመረዳጃው ሊቀ መንበር፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ «ልጁ አንድ ነገር ቢሆን ምን ልትዪ ነው?» አሉኝ። ጓደኛዬ ደግሞ «ቴሌግራም ግሩፑ ላይ አውጪው» ትላለች። ብሩን ልስጠው ወይስ ልያዘው? እውነት ታሞ ቢሆንስ?

ገንዘብ ያዥዋ

መልስ

እህታችን፤ ብሩንም አትስጪው፣ ስሙንም አታውጪው። ምርመራውን ለሐኪም ተዪና የብሩን መንገድ ቀይሪ። ከእጅሽ ወጥቶ በቀጥታ ሕክምና ቤቱ ካሸር ዘንድ ከገባ፣ ታሞ ከሆነ ይታከምበታል፤ ካልታመመ ራሱ ይሸሻል። እናትሽም አይቀየሙሽም፤ ማንንም አልመረመርሽምና።

ከጻፍሽው ውስጥ ወዘናውን መጀመሪያ ሰርዢው። በአግባቡ የሚታጠብ የኩላሊት ታማሚ ደህና ሊመስል፣ ሊሠራ፣ ሊስቅም ይችላል። ለካንሰር ኬሞ የሚወስድ ሰውም ሁሉ ጸጉሩ አይረግፍም። «አልታመመም፣ አየሁት» እያለ ስንቱን እውነተኛ ታማሚ ያስለቀሰ ቢሮ አለ።

ሰዓቱ ግን ያጠራጥራል። እጥበት በተለመደው አሠራር በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በያንዳንዱ ጊዜ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በዚያ ላይ መርፌው ከተነቀለ በኋላ ደሙ እስኪቆም ተጭኖ መቆየት አለ። 12 ሰዓት የገባ ሰው ቢፈጥን ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ነው የሚወጣው። ሆኖም በከተማችን ብር አጥሮት በሳምንት ሁለቴ ብቻ የሚታጠብም፣ ሰዓቱን የሚያሳጥርም ስላለ፣ ይህን ማስታወሻ አድርገሽ ያዢው እንጂ ማስረጃ አታድርጊው።

ወረቀቱ ይብሳል። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው። በ2015 ስድስት ነበረች፤ በ2016 ግን አምስት ቀን ብቻ ነበረች። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን ኖሮ አያውቅም። የደከመ ጸሐፊ ተሳስቶም ሊሆን ይችላል። ጥቁር ማህተም ብዙውን ጊዜ የፎቶ ኮፒ ምልክት ነውና ዋናውን ማየት ያስፈልጋል። ክሬቲኒን ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ ነው፤ የጤነኛ ጎልማሳ መጠን በዴሲሊትር ከ0.6 እስከ 1.2 ሚሊግራም አካባቢ ነው። 1.4 ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ እጥበት የገቡ ሰዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ብዙ እጥፍ አላቸው። በ1.4 እጥበት ያዘዘ ሐኪም ካለ ምክንያቱን ማስረዳት የሚችለው እሱ ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ግን አንቺ ያላነሳሽው ነው፦ ኩላሊቱን የሚሰጠው ማነው?

ኩላሊት ገበያ ወጥቶ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። እዚሁ አገራችን ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ንቅለ ተከላ ሲጀምርም በሕይወት ያሉ ዘመዶች በሚለግሱት ኩላሊት ነበር። ህንድ ላይ ደግሞ ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ህንዳዊ ለውጭ አገር ታካሚ ኩላሊቱን መስጠት የሚችለው የቅርብ ዘመዱ ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚህ የሚሄድ ታማሚ ለጋሹን ይዞ ነው የሚሄደው። የሁለቱ የደም ዓይነትና የሕብረ ሕዋስ ስምምነት ይመረመራል፣ ዝምድናቸው በሰነድ ይረጋገጣል፣ የኤምባሲ ማረጋገጫ ይያያዛል፣ ፈቃድ ሰጪ ኮሚቴ ያያቸዋል። አስታማሚ ሲጨመር ትኬቱ ሦስት ነው። ቆይታውም ቅድመ ምርመራና ክትትል ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይወስዳል። ሲመለሱም አዲሱን ኩላሊት ሰውነት እንዳይገፋው የሚያደርግ መድኃኒት ዕድሜ ልክ ይዋጣል፤ እውነተኛ በጀት ይህንንም ይቆጥራል። የአንድ ሰው ትኬትና የሦስት ሳምንት ፈቃድ ይህን ሁሉ አይችሉትም። ለምርመራ ብቻ እየሄደ ከሆነ ደግሞ እንደዚያ ብሎ ይጠይቅ፤ የተነገራችሁ ግን መቀየር ነው።

እንግዲህ ሥራው። መጀመሪያ የመረዳጃውን ኮሚቴ ጠርተሽ የልጁ ስም ያልተነሳበት ደንብ በቃለ ጉባኤ አስይዢ፦ ከዚህ በኋላ ለሕክምና የሚዋጣ ገንዘብ ለማንም ይሁን ለማን ለሕክምና ተቋሙ በቀጥታ ይከፈላል የሚል። ደንቡ ለሁሉም ሲሆን ማንም አልተዘለፈም፤ ሊቀ መንበሩም ይፈርሙበታል።

ከዚያ ልጁን ለብቻው፣ ከኮሚቴው አንድ ሰው ባለበት አነጋግሩት። አነጋገራችሁ ይህን ይምሰል፦ «ወንድማችን፣ ብሩ ተዘጋጅቷል። የምትታጠብበትን ማዕከል ስምና የካርድ ቁጥርህን ስጠን፤ ፕሮፎርማውን አምጣና እኛ በባንክ እናስገባለን፣ ደረሰኙ በስምህ ይቆረጣል። ለህንዱም የሆስፒታሉን የወጪ ግምት ደብዳቤና የሕክምና ቦርዱን ወረቀት አያይዝ።» የቦርድ ወረቀት ማለት ወደ ውጭ ለሚላክ ታካሚ ሐኪሞች ተሰብስበው የሚፈርሙበት ነው። ባንክም የሕክምና ምንዛሪ ሲጠየቅ እንዲህ ያለ ሰነድ ይፈልጋል፤ ስለዚህ በእርግጥ የሚሄድ ሰው ወይ ይዞታል ወይ እያሠራው ነው።

ሆስፒታል ስለ ታካሚው ዝም ብሎ ለጠየቀ ሁሉ አይናገርም፣ መናገርም የለበትም። ስለዚህ የልጁን የጽሑፍ ፈቃድ ያዙ። የወረቀቱን ቅጂ አያይዛችሁ በመሥሪያ ቤቱ ማህተም «ይህ ሰነድ ከእናንተ የወጣ ነው ወይ?» ብላችሁ ጻፉ። መዝገብ ቤቱ የሚያየው የደብዳቤ ቁጥሩን፣ የካርድ ቁጥሩን፣ የሐኪሙን ፊርማና ቲተር ነው። ወረቀቱ ላይ ባለው ስልክ አትደውሉ፤ ፎርጅድ ወረቀት የሚሠራ ሰው ስልኩንም የራሱን ነው የሚጽፈው።

አንድ ነገር ጠብቂ። እውነተኛ ታማሚም ቅር ሊለው ይችላል። ከእጥበቱ ሌላ ለታክሲ፣ ለደም ማነስ መርፌ፣ ለቤት ኪራይ ጥሬ ብር ያስፈልገዋል፤ እነዚህ ካሸር ጋ አይከፈሉም። ከሚሰጠው ላይ ጥቂቱን፣ እንበል ከ94ቱ ሺህ 15ቱን፣ ለዚህ መድቡና ደረሰኝ ሊኖረው የሚችለውን በደረሰኝ ያወራርድ። ስለ መንገዱ የሚከራከር ሰው ካለ ታገሱት። ብሩ እጁ ካልገባ ማዕከሉንም ካርዱንም አልናገርም የሚል ከሆነ፣ አልቅሶ «አላመናችሁኝም» ብሎ የሚወጣ፣ በሳምንቱ ሌላ በሽታ ይዞ የሚመጣ ከሆነ ግን መልሱን ሰጥቷችኋል።

ለምን ያደርገዋል ለሚለው ሁለት መንገድ አለ፤ አያያዛቸውም ይለያያል። አንዱ ለብር ነው። ሌላው ለርኅራኄ ነው፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ አሸር በ1951 እ.ኤ.አ. ሙንቻውዘን ሲንድሮም ብሎ የሰየመው፣ ታማሚ መባሉን ራሱን የሚፈልግ ሰው ሕመም ነው። ሁለቱ ተደባልቀውም ይገኛሉ። አውስትራሊያዊቷ ቤል ጊብሰን የአንጎል ካንሰር አለብኝ ብላ በሺህ የሚቆጠር ተከታይ አፈራች፣ መጽሐፍና የምግብ መተግበሪያ ሸጠች፤ አሳታሚዋ እንኳን ማስረጃ ሳይጠይቃት ነው ያተመላት። በ2015 እ.ኤ.አ. ውሸት መሆኑን አመነች፣ በ2017 ፍርድ ቤት 410 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣት። ልጁ ከሁለተኛው ወገን ከሆነ በሰው ፊት ማዋረድ ለራሱ ሕይወት ያሰጋል። ስለዚህ ንግግሩ በር ተዘግቶ፣ የሚያምነው ዘመድ ተጠርቶ፣ የአእምሮ ሐኪም እንዲያይ ተለምኖ ይሁን።

የግሩፑን ነገር እርሺው። ሳይረጋገጥ «ሌባ» ብለሽ ብትጽፊ፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 የስም ማጥፋት ክስ ወደ አንቺ ይዞራል። ሰነዱ ሐሰት መሆኑ በጽሑፍ ከመጣ ግን ሰውን በማታለል ጥቅም ማግኘትን የሚቀጣው አንቀጽ 692 አለ፤ ጣሪያው እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እሥራት ነው። ያኔ ኮሚቴው የአዋጪዎቹን ዝርዝር፣ ወደ አክስቱ ሒሳብ የገባበትን የባንክ ወረቀትና የተቋሙን መልስ ይዞ ወረዳው ፖሊስ ይሂድ። የ186 ሺው ነገርም እዚያ ነው የሚታየው። እስከዚያ ግን የከፈለበትን ደረሰኝ እንዲያሳይ ጠይቁት፤ ይህ መብታችሁ ነው።

እጅሽ ላይ ያለው ብር ደግሞ ባንቺ የግል ሒሳብ ከሆነ ዛሬውኑ አውጪው። በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ የመረዳጃ ሒሳብ ውስጥ አስገቢው፣ ማን ስንት እንዳዋጣ የሚያሳየውን ዝርዝር ለሊቀ መንበሩ አስፈርሚ። ልጁ ሰነዱን እስኪያመጣ የምትሰጪውን ቀነ ገደብ በጽሑፍ አድርጊው፤ አንድ ወር ይበቃል። ካላመጣ ብሩ በዝርዝሩ መሠረት ላዋጣው ይመለስ፣ ወይም አዋጪዎቹ ከተስማሙ በሌላ የኩላሊት ታማሚ ስም ለእጥበት ማዕከል ካሸር ገብቶ ደረሰኙ ግሩፑ ላይ ይለጠፍ።