‹ረን› ወፍጮ ቤት ሲገባ፦ የቋንቋ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው ቡሬ ሲሆን በአንድ ወፍጮ ቤት በኃላፊነት እሠራለሁ። ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል የገባችው ልጄ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ «ማይ ፋዘር ረንስ ኤ ሚል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ተርጉሚ ተብላ «አባቴ ወፍጮ ይሮጣል» ብላ በመጻፏ ክፍሉ በሙሉ ሳቀባት። ማታ ስትነግረኝ እኔም ሳቅሁ፤ «እንግዲያው ትክክለኛውን ንገረኝ» ስትለኝ ግን መልስ አጣሁ። ይህ ‹ረን› የሚሉት ቃል መሮጥ ካልሆነ ምንድን ነው? ስንት ፍቺስ አለው? ልጄ ሁሉንም በቃሏ መያዝ ይጠበቅባታል?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ልጅዎ የያዘችው ፍቺ በራሱ ስሕተት የለበትም፤ ‹ረን› ብቻውን ሲገኝ ሮጠ ማለት ነው፤ ያሳታት ከቃሉ ቀጥሎ የመጣውን ወፍጮ ልብ አለማለቷ ነው። ዓረፍተ ነገሩ «አባቴ ወፍጮ ቤት ያስተዳድራል» ማለት ነበር።

የፍቺውን ብዛት በተመለከተ ቁጥሩ ያስደነግጣል። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም በፍቺ ብዛት የሚመራው ‹ሴት› የተባለው ግስ ነበር፤ የእኛዋን ሴት እንዳይመስልብዎ፣ የእነርሱ ‹ሴት› በመጀመሪያ ፍቺው ማስቀመጥ ማለት ነው። ለእርሱ 430 ፍቺ ተቆጥሮለት ነበር። አዘጋጆቹ ለሦስተኛው እትም ‹ረን›ን እንደ አዲስ ሲመረምሩ ግን ለግሱ ብቻ 645 ፍቺ አግኝተውለት ‹ሴት›ን አስከነዳት።

ይህን ሰምተው ለልጅዎ አይዘኑላት። በቡሬ አካባቢ በርበሬ የሚያለማ ገበሬ «ችግኙ ያዘ» ሲል ማንን ያዘ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ልጁን ጉንፋን ያዘው፣ ጾም ያዝን፣ ቀጠሮ ያዝን፣ ቂም ያዘ፣ ዳዊቱን በቃሉ ያዘ፣ ይህ ጆንያ መቶ ኪሎ ይይዛል እንላለን፤ እነዚህን ሁሉ በደብተር ዘርዝሮ ያጠና አማርኛ ተናጋሪ ግን አይገኝም። እያንዳንዱን ያወቅነው ከሚመጣበት ወሬ ጋር ነው፤ ‹ረን›ም የሚታወቀው እንዲሁ ነው።

እስቲ ልጅዎን ቅዳሜ ወደ ወፍጮ ቤቱ ይዘዋት ይሂዱና ቃሉን በዚያ ፈልጉት። ሞተሩ ተነሥቶ ሲሠራ እንግሊዝኛው ‹ረን› ይለዋል፤ በናፍጣ መሥራቱንም በዚያው ቃል ይናገራል። ቺንጋው በጎማው ላይ ሲዞር ‹ረን› ነው፤ ዱቄቱ በአሸንዳው ወደ ጆንያው ሲወርድ ‹ረን› ነው። ወረፋው እስከ ውጭው በር ድረስ ተዘርግቶ ከሆነ እርሱም፣ ማንም ከቦታው ሳይንቀሳቀስ፣ ‹ረን› ይባላል፤ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚዘልቀው መንገድም የሚገለጸው በዚሁ ነው። በመካከሉ ናፍጣ ሲያልቅብዎ ‹ረን አውት› ይመጣል፤ እርስዎ ይህን ሁሉ መምራትዎ ደግሞ ልጅዎን የፈተናትና ያሳቀባት ያ ‹ረን› ነው። በአማርኛ ከእነዚህ ውስጥ አንዱንም ሮጠ ብለን አንተረጉመውም፤ ይሠራል፣ ይዞራል፣ ይወርዳል፣ ይዘረጋል፣ ያልቃል፣ ያስተዳድራል እያልን ለየአንዱ የራሱን ግስ እንሰጠዋለን።

አሁን ከሰዋስው ወገን አንድ ነገር ልጨምር፤ በእኔ እምነት ለልጅዎ ከዝርዝሩ ሁሉ የሚበልጥ ጥቅም ያለው ይህ ነው። አማርኛ ራሱ የሚያደርገውንና ሌላውን የሚያስደርገውን በግሱ ቅርጽ ይለያል፤ ሮጠ ብሎ አስሮጠ፣ ዞረ ብሎ አዞረ፣ ፈሰሰ ብሎ አፈሰሰ ይላል። ጥንታዊው እንግሊዝኛም ለዚህ ሁለት ግሶች ነበሩት፤ አንደኛው መሮጥንና መፍሰስን፣ ሁለተኛው ማስሮጥን ይገልጽ ነበር፤ በዘመን ብዛት ሁለቱ ተዋሕደው የዛሬውን አንዱን ‹ረን› ሆኑ። በዚህ ምክንያት ዛሬ በግሱ ላይ የእኛን «አ» ወይም «አስ» የሚተካ ምልክት የለም፤ ከግሱ በኋላ ተሳቢ በቀጥታ ከተከተለ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ማስሮጥ፣ ማንቀሳቀስ፣ ማስተዳደር ሆኗል ማለት ነው። ልጅዎ ወፍጮው ከግሱ ቀጥሎ መምጣቱን አይታ «አባቴ ወፍጮ ያስሮጣል» ብላ ቢሆን ኖሮ እንኳ ጥቂት ፈገግ ያሰኝ እንደሆነ እንጂ መንገዱን አትስትም ነበር። ውሃ ‹ረን› መባሉም ከጥንቱ የወረሰው ነው እንጂ ኋላ የመጣ ዘይቤ አይደለም፤ የጀርመንኛው ዘመዱ ‹ሪነን› እስከ ዛሬ መፍሰስ ማለት ነው። ሰከላ ላይ ከግሽ ዓባይ የሚነሣውን ግልገል ዓባይን በእንግሊዝኛ ‹ረንስ› ብትለው በቃሉ ጥንታዊ ፍቺ ገባች ማለት ነው።

ከግሱ በኋላ የምትመጣው ትንሽ ቃልም ትጠበቅ። ‹ረን ኦቨር› መኪና ገጨ፣ ‹ረን ኢንቱ› ሳያስቡት ከሰው ጋር ተገናኘ፣ ‹ረን አዌይ› ኮበለለ ነው። ስለዚህ በደብተሯ ላይ ‹ረን›ን ብቻውን ከመጻፍ ከነተከታዩ፣ ከነሙሉ ዓረፍተ ነገሩ ትጻፈው። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ መምህራችን «ዘ ታፕ ኢዝ ረኒንግ» ብለው በመስኮት ሲያመለክቱ፣ ማን እንደሚሮጥ ለማየት አንገቴን አስግጌ ነበር፤ ቧንቧው ሳይዘጋ ተትቶ ውሃው ይፈስስ ኖሯል። ያችን ዓረፍተ ነገር ከዚያ ወዲህ አልረሳኋትም።

ጥያቄ፦ በደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት ቆይቼ አሁን በማታው ክፍለ ጊዜ ዘመናዊ ትምህርት እከታተላለሁ። የእንግሊዝኛው ቃል ይህን ያህል ፍቺ መያዙ ከቅኔያችን ኅብር ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል?

መልስ፦ በቅኔ ትምህርታቸው ከታወቁት ከዋሸራና ከጎንጅ አገር ይህ ጥያቄ መምጣቱ አያስደንቅም፤ ይሁን እንጂ እኔ አንድ ናቸው አልልም። ባለቅኔው ኅብር ሲያደርግ ሁለቱ ፍቺዎች በአንድ ቦታ በአንድ ጊዜ እንዲሰሙ አስቦ ነው። ለምሳሌ አንድ ሰው «አባይን አምኜ ከማዶ ቀረሁ» ቢል፣ ሰሙ ይጎድላል ብሎ የተማመነበት ወንዝ ሲሆን ወርቁ ቃሉን የበላ ዋሾ ነው፤ አድማጩ አንዱን ብቻ ከሰማ ንግግሩ ከሸፈ። ‹ረን› ግን በንግግር መካከል ሲገባ፣ ዙሪያው ያሉት ቃላት ከስድስት መቶው ፍቺ አንዱን መርጠው ሌላውን ሁሉ ይዘጉበታል፤ የወፍጮ ቤቱ ኃላፊ ከናፍጣ ማለቅ ጋር ተምታቶበት የሚያውቅ እንግሊዛዊ የለም።

ሁለተኛም፣ በምሳሌያችን ወንዙ አባይና ከ«አበለ» የወጣው አባይ በድምፅ የተገናኙ ሁለት ቃላት ናቸው፤ ‹ረን› ግን አንድ ግንድ ሆኖ ቅርንጫፍ ያበዛ ቃል ነው። የአባይን ዓይነት ጥንድ በእንግሊዝኛ የሚሹ ከሆነ ‹ባት›ን ይመልከቱ፤ የሌሊት ወፍም ኳስ መምቻ ዱላም ነው፤ ሁለቱ በምንጭ አይገናኙም። ለእንግሊዝኛ ኅብር የሚመቸው እንዲህ ያለው ነው፤ እንግሊዞቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙበት ለቀልድ ነው፤ እንደ ቅኔ ቤቱ ሌሊት የሚታደርበት አይደለም።

ጥያቄ፦ ከዳንግላ ነው። ስለ ምርጫ የሚወጡ የውጭ ዜናዎችን ሳነብ የአሜሪካው ዕጩ ‹ረን› አደረገ፣ የእንግሊዙ ግን ‹ስታንድ› አደረገ ይላሉ። አንዱ ሲሮጥ ሌላው የሚቆመው ለምንድን ነው? «ኢን ዘ ሎንግ ረን»ስ ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ለምርጫ ተወዳደረ ማለት ናቸው፤ ልዩነቱ የአገር ልማድ ብቻ ነው። በአማርኛ ግን ሲተረጉሙ እንዳይሮጡም እንዳይቆሙም፤ «ለፓርላማ ሮጠ» ቢሉ ስብሰባ የረፈደበት ሰው ያስመስሉታል፣ «ለፓርላማ ቆመ» ቢሉ ደግሞ የፓርላማው ጠበቃ ያደርጉታል። ለኋለኛው ጥያቄዎ ከእንግሊዝኛው ይልቅ የሚያምር አቻ ከቤትዎ አለልዎ፦ ውሎ አድሮ።