ከቶርኖ ማሽን እስከ ቤተ መንግሥት፦ ስለ ሉላ ጠይቁኝ

ለረጅም ጊዜ በፋብሪካ የሠራተኛ ማኅበር ውስጥ ሠርቻለሁ፤ በኅብረት ስምምነት ድርድር ከአሠሪ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጫለሁ። የብራዚሉን ፕሬዚዳንት ሉዊዝ ኢናሲዮ ሉላ ዳ ሲልቫን የምከታተለውም በዚያ ዓይን ነው። የመጣላችሁን ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። ዓመቶቹም፣ ወሮቹም፣ ቀኖቹም በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከመነሻው ጀምርልን። ከየት የመጣ ሰው ነው? እውነት ፊደል አልቆጠረም?

ፊደልስ ቆጥሯል። በ1945 በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ ድርቅ በማይለየው የፔርናምቡኮ ገጠር ተወለደ። ሰባት ዓመት ሲሆነው እናቱ ዶና ሊንዱ ልጆቿን ሰብስባ፣ በጭነት መኪና 13 ቀን ተጉዛ ወደ ሳኦ ፓውሎ ግዛት ወረደች። በልጅነቱ ኦቾሎኒ ሸጧል፣ ጫማ ጠርጓል። መደበኛ ትምህርቱ ከአንደኛ ደረጃ ብዙም አልዘለለም፤ ነገር ግን ሙያ ማሠልጠኛ ገብቶ ቶርኖ ተምሯል፣ ሰርተፊኬትም አለው። በ2002 ተመርጦ የፕሬዚዳንትነቱን የምስክር ወረቀት ሲረከብ፣ በሕይወቴ ያገኘሁት የመጀመሪያ ዲፕሎማ ይሄ ነው ብሎ አለቀሰ። አገሩም አብሮት አለቀሰ። እኔ ግን ያችን የቶርኖ ሰርተፊኬት ለምን እንደዘለላት ሁሌ ይገርመኛል። ያለ እሷ የት ይደርስ ነበር?

ጥያቄ፦ የጎደለችው ጣቱስ?

በ1964 ሌሊት ፈረቃ ላይ ሳለ ፕሬስ ማሽን ወሰዳት። የግራ እጁ ትንሿ ጣት ነች።

ጥያቄ፦ ማኅበር ውስጥ ማን አስገባው? ያኔ ወታደራዊ መንግሥት አልነበረም እንዴ?

ነበር፤ ከ1964 እስከ 1985። ያስገባው ታላቅ ወንድሙ ነው፤ ፍሬይ ሺኮ ይሉታል፣ ኮሚኒስት ነው። ሉላ እንኳ ያኔ ልቡ ያለው ኳስ ላይ ነበር። በ1969 ወንድሙ ጎትጉቶት፣ የሳኦ ፓውሎ ግዛት የፋብሪካ ከተማ በሆነችው በሳኦ ቤርናርዶ የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ተጠባባቂ የሥራ አመራር ሆኖ ተመረጠ።

የብራዚል ማኅበር ሲባል ግን እንደምታስቡት አይደለም። ሥርዓቱን የዘረጋው የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጄቱሊዮ ቫርጋስ ነው፤ በ1943 የሠራተኛ ሕጉን ጠቅልሎ አወጣው። ያኔ አባል ሆንክም አልሆንክም በዓመት የአንድ ቀን ደመወዝህ ለማኅበር ይቆረጥ ነበር። በምላሹ የሥራ ሚኒስቴር ማኅበሩን በፈለገው ቀን ይዘጋው፣ መሪዎቹን አውርዶ የራሱን ሰው ያስቀምጥ ነበር። ስለዚህ አብዛኛው ማኅበር ሐኪም፣ የጥርስ ሐኪምና ጠበቃ እያቀረበ ዝም ብሎ የሚኖር ቤት ሆኖ ነበር። የሉላም የመጀመሪያ ወንበር የጡረታና የማኅበራዊ ዋስትና ጉዳይ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ባሏ የሞተባትን፣ እጁ የተቆረጠውን ሲሰማ ይውላል። በ1971 የመጀመሪያ ሚስቱ ከነጽንሷ ስትሞትበት ሥራውን መሸሸጊያ አደረገው።

በ1975 በከፍተኛ ድምፅ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሆነ። በዚያው ዓመት እሱ ለስብሰባ ጃፓን ሳለ ፍሬይ ሺኮን አሥረው ገረፉት። ለፖለቲካ ደንታ ያልነበረውን ሰው የለወጠው ይኼ እንደሆነ ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል።

ጥያቄ፦ አድማዎቹን በደንብ ንገረን። ሁሉም «ታላቁ አድማ» ይላል፣ ዝርዝሩን ግን የሚያወራ የለም።

እዚህ ላይ ብረዝም ታገሱኝ፤ የሰውየው ቁልፍ ያለው እዚህ ነው።

በ1977 መንግሥት የ1973ን የዋጋ ንረት አሳንሶ እንደዘገበ ተጋለጠ። የደመወዝ ጭማሪ የሚሰላው በዚያ ቁጥር ስለነበር ሠራተኛው በአኃዝ ተሰርቋል ማለት ነው። የሉላ ማኅበር 34.1 በመቶ ይመለስልን ብሎ ተነሳ፤ መልስ አላገኘም። ግንቦት 12 ቀን 1978 የስካኒያ የጭነት መኪና ፋብሪካ ሠራተኞች እንደ ወትሮው ገቡ፣ በየማሽናቸው ፊት ቆሙ፣ ማሽኑን ግን አላስነሱም። በር ላይ ሰልፍ የለም፣ ድንጋይ የለም፤ ፖሊስ ማንን ይበትን? ከዚያ ወደ ሌሎቹ የመኪና ፋብሪካዎች ተዛመተ።

የ1979ኙ ሌላ ነው። በመጋቢት ወር በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ሥራ አቆመ። የማኅበሩ አዳራሽ ስለማይበቃ ስብሰባው ቪላ ኤውክሊደስ ወደሚባለው ስታዲየም ሄደ። በመጀመሪያው ቀን መድረክም ድምፅ ማጉያም የለም። ሉላ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ ከፊት ያሉት ለኋለኞቹ ያስተላልፋሉ፣ እነዚያም ወደ ኋላ ይደግሙታል፣ ቃሉ እስከ ሜዳው ጥግ ይደርሳል። ከዚያ ቀጣዩን ይናገራል። ስብሰባ መርታችሁ የምታውቁ አስቡት፤ በዚህ አካሄድ ወሬ ማብዛት አይቻልም። አጭርና ለመድገም የሚቀል ነገር ብቻ ነው የሚያልፈው። የኋላ ንግግሩ ሁሉ ያንን ጠባይ እንደያዘ ነው።

ሳምንት ከምናምን ሳይቆይ መንግሥት ማኅበሩን ወረሰ፤ ሉላም ከሥልጣን ታገደ። ሠራተኛው በአድማው መቀጠል ይፈልጋል። ሉላ ደግሞ ወጥቶ የ45 ቀን ፋታ እንስጥና እንደራደር አለ። አስቡት፤ ስሜቱ በጋለ ሕዝብ ፊት ወደ ሥራ ተመለሱ ማለት! እሺ አሉት፤ ብዙዎች ግን ሸጠን ብለው አሙት። መጨረሻ ላይ የተገኘውም ስምምነት ከጠየቁት በጣም ያነሰ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1980፣ ተቃራኒውን አደረገ፤ 41 ቀን እስከ መጨረሻው ገፉበት። ተሸነፉ፤ ብዙዎች ከሥራ ተባረሩ። እሱም በአገር ደኅንነት ሕግ 31 ቀን ታሠረ። እናቱ የሞተችው እሥር ቤት ሳለ ነው፤ በፖሊስ ታጅቦ ቀብሯን ደረሰ።

ከሁለቱ የቱ ልክ ነበር? ለኔ ሁለቱም። በመጀመሪያው እምነት አጥቶ ማኅበሩን አተረፈ፣ በሁለተኛው ማኅበሩን አጥቶ እምነቱን አስመለሰ። ከዚያ በኋላ በፖለቲካ ያደረገው ነገር ሁሉ በእነዚህ ሁለት አድማዎች መካከል ሲወዛወዝ ነው የሚታየኝ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን ፓርቲ መሠረተ? ማኅበሩ አይበቃም ነበር?

የደመወዝ ቀመሩ የሚወጣው ዋና ከተማዋ ብራዚሊያ ነው፤ የሚሻረውም እዚያው ነው። አድማ በሕግ በተከለከለበት አገር ሕግ አውጪው ቤት ካልገባህ ከጠባቂው ጋር ስትጨቃጨቅ ትኖራለህ። በየካቲት 1980 የሠራተኞች ፓርቲን ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ ከምሁራንና ከቀድሞ ታጋዮች ጋር መሠረቱ። በ1982 ለሳኦ ፓውሎ አገረ ገዥነት ተወዳድሮ አራተኛ ወጣ። በ1986 ግን ከአገሩ የምክር ቤት ዕጩዎች ሁሉ ከፍተኛውን ድምፅ አግኝቶ የ1988ን ሕገ መንግሥት ካረቀቀው ጉባኤ ገባ።

ጥያቄ፦ ሦስት ጊዜ ተሸንፎ እንዴት ተስፋ አልቆረጠም?

በፕሬዚዳንትነት ምርጫ በ1989 በኮሎር፣ በ1994ና በ1998 በካርዶዞ ተሸነፈ። ለኔ ትልቁ ነገር አለመቁረጡ ሳይሆን አራተኛው ላይ የለወጠው ነው። ምክትሉ እንዲሆን የጨርቃ ጨርቅ ከበርቴውን ዦዜ አሌንካርን መረጠ። ሰኔ 2002 ላይ ለብራዚል ሕዝብ በጻፈው ደብዳቤ የመንግሥትን ውልና ዕዳ እንደሚያከብር ቃል ገባ። 61 በመቶ አገኘ። የድሮ ጓዶቹ አሠሪውን ይዞ መጣብን አሉ። እኔ ደግሞ ከአሠሪ ጋር ሳይፈራረም ያደረ የማኅበር መሪ አላውቅም።

ጥያቄ፦ ሥልጣን ላይ ሲወጣ ለሠራተኛው ምን አደረገ? የቁጥር ነገር ካለ።

ዝቅተኛው ደመወዝ ከዋጋ ንረቱ በላይ እንዲያድግ ከማኅበራቱ ጋር ተስማምቶ ቀመር አወጣ። ዝቅተኛው ጡረታም በዚያው ስለሚሰላ አያትና ቅድመ አያት ሳይቀሩ ተጠቀሙ። ቦልሳ ፋሚሊያ በ2003 ተጀመረ፤ ልጇን ትምህርት ቤት የምትልክና የምታስከትብ ደሃ እናት በየወሩ ገንዘብ በካርድ ታወጣለች። በ2006 ወደ 11 ሚሊዮን ቤተሰብ ደርሷል። ቻይና የብራዚልን አኩሪ አተርና የብረት ማዕድን በጥሩ ዋጋ ትገዛ የነበረበት ዘመን መሆኑም አይረሳ፤ ድግሱ ያለ እህል አይደገስም።

የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራት ግን ገና በ2003 ተጣልተውታል፤ ጡረታቸውን የሚነካ ማሻሻያ አስጸድቆባቸዋል። የተቃወሙ የራሱ ፓርቲ የምክር ቤት አባላትም ተባረሩ።

ጥያቄ፦ ሙስናውንስ? ሌባ ነው ወይስ አይደለም? አታድበስብስ።

አላድበሰብስም። በ2005 የምክር ቤት አባላትን ድምፅ በገንዘብ የመግዛት ቅሌት ወጣ፤ የቅርብ ሰዎቹ ተፈረደባቸው። እሱ አልተከሰሰም፤ ነገር ግን በእሱ ጥላ ሥር የሆነ ነገር ነው፤ ተጠያቂነቱ ከትከሻው አይወርድም ባይ ነኝ። በ2017 ደግሞ ዳኛ ሴርዢዮ ሞሮ በጉቦ ተቀብሏል በተባለው የባሕር ዳርቻ አፓርታማ ጉዳይ 9 ዓመት ከስድስት ወር ፈረደበት፤ ይግባኝ ሰሚው ወደ 12 ዓመት ከአንድ ወር አሳደገው። ሞሮ ቆይቶ የፕሬዚዳንት ቦልሶናሮ የፍትሕ ሚኒስትር ሆነ። በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩ በተሳሳተ ችሎት ታይቷል ብሎ ፍርዶቹን ሰረዘ፤ ሞሮም ገለልተኛ አልነበረም አለ። ስለዚህ በነፃ ተሰናበተ የሚሉም፣ የተፈረደበት ወንጀለኛ ነው የሚሉም ሁለቱም ልክ አይደሉም። ፍርዱ ፈርሷል።

እጁን የሰጠው ግን የት ሆኖ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሚያዝያ 2018 ላይ ያችው የሳኦ ቤርናርዶ ማኅበር ሕንፃ ውስጥ ሁለት ቀን ተቀምጦ ነው። ሊወጣ ሲል ሠራተኛው መኪናውን ከብቦ መለሰው። በኋላ በእግሩ በሌላ በኩል ወጥቶ እጁን ለፖሊስ ሰጠ። ኩሪቺባ ከተማ ላይ 580 ቀን ታሠረ። በ2022 ቦልሶናሮን 50.9 ለ49.1 አሸነፈ፤ ምክትሉ በ2006 ምርጫ የተፎካከረው አልክሚን ነው። አሁንም ያው ስልት።

ጥያቄ፦ የምኖረው እስራኤል ነው። አዲስ አበባ ላይ የተናገረው እዚህ ብዙ አነጋግሮ ነበር፤ ምን ነበር?

የካቲት 2024 ለአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ አዲስ አበባ መጥቶ ነበር፤ ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት መጀመሪያ ብራዚል ያለችበትን የአገሮች ስብስብ፣ ብሪክስን፣ ተቀላቅላ ነበር። እዚያ በሰጠው መግለጫ የጋዛውን ጦርነት ሂትለር አይሁዶችን ከፈጀበት ጋር አነጻጸረ። እስራኤል ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ አንቀበለውም ብላ አወጀች፤ ብራዚልም አምባሳደሯን ጠራች። የጋዛን እልቂት ማውገዝ አንድ ነገር ነው፤ ያንን ንጽጽር መምረጥ ግን በልቡ የሚናገር የስታዲየም ሰው ስህተት ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ የእኛ አገር የማኅበር መሪዎች ለምን እንደሱ አልወጡም?

የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር መጋቢት 1974 ላይ አጠቃላይ አድማ ጠርቶ አገር አቁሟል፤ አቅሙ አልጎደለም። ልዩነቱ ቀጥሎ በመጣው ነው። የብራዚል ወታደሮች በ1979 አዳዲስ ፓርቲዎች እንዲመሠረቱ በሩን ገርበብ አደረጉ፤ ደርግ ደግሞ በ1975 ማኅበሩን ዘግቶ መሪዎቹን አሠረ፣ በምትኩም የራሱን አቋቋመ። በአፍሪካ ከማኅበር ተነስተው የወጡ ግን አሉ፤ የዛምቢያው ቺሉባ፣ የዚምባብዌው ቻንጊራይ፣ የደቡብ አፍሪካው ራማፎሳ።

ጥያቄ፦ የራይድ ሹፌር ነኝ። ማኅበር የለንም፣ አለቃችን ስልክ ነው። እንደ ሉላ ያለ ሰው ለኛ ምን ይጠቅማል?

እሱም እዚህ ላይ ተቸግሯል። በ2024 ለአፕ ሹፌሮች ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያና ማኅበራዊ ዋስትና የሚሰጥ ረቂቅ ሕግ ለምክር ቤት ላከ፤ የተቃወሙት ሹፌሮቹ ራሳቸው ናቸው። በሰዓት ሳይሆን በኪሎ ሜትር ይከፈለን፣ ማኅበር አትጫኑብን አሉ። የማኅበር አባልነትም በ2012 ከሠራተኛው 16 በመቶ ገደማ የነበረው በ2023 ወደ 8.4 በመቶ ወርዷል፤ በ2017ም ግዴታ የነበረው መዋጮ በሕግ ቀርቷል። ያኔ ሺህ ሰው አንድ በር ላይ ስለሚገናኝ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ለእናንተ የምመክረው ከሕጉ በፊት የምትገናኙበትን ቦታ እንድታበጁ ነው፤ ነዳጅ ማደያ ሰልፍ ላይ እንኳ ቢሆን። ከዚያ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ኮሚሽኑ ስንት በመቶ እንደሆነና ማን እንደሚወስነው በጽሑፍ ይሰጠን የሚል ይሁን።