የአንባቢያን ጥያቄ፦ ስድቡ ከስልክ ወደ ሠፈር ሲወርድ

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ አካባቢ ነው። የ16 ዓመት ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ራፕ እየሠራ በቲክቶክ ይለቃል። ባለፈው ወር ከሌላ ሠፈር ልጆች ጋር በዘፈን መሰዳደብ ጀመሩ፤ ስድቡ በላይቭ (በቀጥታ ሥርጭት) ቀጠለ፤ በመጨረሻም አንዱን ጓደኛውን ከትምህርት ቤት ሲወጣ ጠብቀው ክንዱን በሰንጢ ወጉት። ልጁ በሕክምና ላይ ነው። ባለቤቴ ስልኩን ሰብረን ራፕ የሚባለውን ነገር ከቤት እናጥፋ ይላል። ልጄ ደግሞ «ካልመለስንላቸው ይንቁናል» እያለ እንቅልፍ አጥቷል። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ የተወጋውን ልጅ እግዚአብሔር ይማርልን። ጥያቄዎ ራፕን ስለ መከልከል ቢመስልም፣ ከደብዳቤዎ የምረዳው አስቸኳዩ ጉዳይ በሁለት ሠፈር ልጆች መካከል ደም መፍሰሱ፣ አንዱ ወገን ብድር ለመመለስ ማሰቡ፣ በመካከላቸውም እስካሁን ትልቅ ሰው አለመግባቱ ነው።

ስልኩን መስበር ይህን ጠብ አያበርደውም። የተለቀቀው ቪዲዮ በሌሎች ልጆች ስልክ ላይ ስላለ ልጅዎ ባያየውም ሲሰደብ ይውላል፤ የሚቀርበት ነገር ቢኖር ዛቻውን አስቀድሞ የሚሰማበትና ለእርስዎ የሚደውልበት መንገድ ነው። የለንደን ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2018 ድሪል የሚባለው የራፕ ዓይነት ጠብ ያነሣሣል በማለት ዩቲዩብን ጠይቆ 30 ያህል ቪዲዮዎች እንዲነሡ አድርጎ ነበር፤ ከተነሡት መካከል ግን በሌሎች ሰዎች ገጽ ተመልሰው የወጡ ነበሩ።

ይህን ስል ልጆቹ የሚለቁት ነገር አደጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ድሪል በተወለደባት በቺካጎ እ.ኤ.አ. በ2012 ከ500 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ሊል ጆጆ በሚል ስም የሚታወቅ የ18 ዓመት ራፐር፣ ተቀናቃኞቹን በዘፈንና በቪዲዮ ሲሰድብ ከቆየ በኋላ፣ ያለበትን ቦታ በትዊተር ጻፈ፤ በዚያው ቀን በብስክሌት ሲሄድ በጥይት ተገደለ። በዚያች ከተማ የጠመንጃውና የወሮበላ ቡድኑ ታሪክ ከራፕ እጅግ የቀደመ ስለሆነ ጥፋቱን ሁሉ በዘፈኑ ላይ መጫን አይገባም። ኢንተርኔቱ የጨመረው ነገር ግን በልጅዎም ላይ የሚታይ ነው፤ በሁለት ሰዎች መካከል ይቀር የነበረው ስድብ በሺዎች ፊት ይሆናል፣ ያልተመለሰ ስድብ እንደ ሽንፈት ይቆጠራል፣ ቪዲዮው ራሱም ልጁ በየትኛው የኮብልስቶን መንገድ፣ በየትኛው ፑል ቤት ደጃፍ እንደሚውል ለጠላቱ ያሳያል።

እኛም ፉከራና ቀረርቶ ያለን ሕዝብ ነን። በጎጃም በድግስ ላይ የተፎከረ ፉከራ ደም ያፋሰሰበት ጊዜ መኖሩን አባቶቻችን አይሸሽጉም። ይሁን እንጂ ፉከራው ሲሰማ ሽማግሌዎች በቦታው ስለሚገኙ፣ ነገሩ ስም እየጠሩ ወደ መዛለፍ ሲያመራ «ተው» የሚል አይጠፋም ነበር፤ ደም ከፈሰሰም በኋላ በሽምግልና ደም የሚደርቅበት ሥርዓት ነበረ፤ ዛሬም አለ። በላይቭ ላይ የተቀመጠው ተመልካች ግን «ጨምር» ነው የሚለው፤ ጠቡ በጋለ ቁጥር ተመልካቹ ይበዛል፣ ተመልካቹ የሚልከው ገንዘብ የሚያስገኝ ስጦታ (ጊፍት) ይጎርፋል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው፤ ልጆቻችን የሚፎክሩት ከልካይ በሌለበት አደባባይ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ከባለቤትዎ ጋር መጀመሪያ ወደ ተወጋው ልጅ ቤተሰብ ይሂዱ። ከዚያ የዕድሩን ሽማግሌዎች፣ የሚቻል ከሆነም የሁለቱን ወገን የንስሐ አባቶች ይዛችሁ ወደ እነዚያኛዎቹ ልጆች ወላጆች ሂዱ። መውጋት ወንጀል ስለሆነ ለፖሊስ ማመልከት ያስፈልጋል፤ ሽምግልናው የፖሊስን ሥራ አይተካም፤ ፖሊስም ቢሆን ነገ በመንገድ የሚገናኙትን ልጆች አያስታርቅም። በዕርቁ ላይ ልጆቹ ራሳቸው እንዲቀመጡና እንዲናገሩ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ወላጆች ተስማምተው ልጆቹ ሳይሰሙ የቀረ ዕርቅ ውሎ አያድርም።

ልጅዎ ይህን እንደ ፍርሃት ካየው የሚወደውን ሙዚቃ ታሪክ ይንገሩት። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1971 በኒውዮርክ ብሮንክስ ጠብ ለማብረድ የሄደ ወጣት ተገደለ። ጌቶ ብራዘርስ የተባለው ቡድኑ ለበቀል ሲነሣ የሟቹ እናት ልጃቸው የሞተው ለሰላም መሆኑን ተናግረው ከለከሉ፤ ቡድኖቹም በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው ታረቁ። ዕርቁ ጠብን ሁሉ ባያጠፋም ወጣቶች ወደማይደፍሩት ሠፈር ለጭፈራ መሄድ ጀመሩ። ራፕ የወጣበት የሂፕ ሆፕ ልደት ተብሎ የሚከበረው የኦገስት 1973 ጭፈራም የተደረገው በዚያው በብሮንክስ ነበር።

ስለ ስልኩ አንድ ነገር ልጨምር። ቲክቶክ በላይቭ እንዲያስተላልፍ የሚፈቅደው ዕድሜው 18 ለሞላ ሰው ነው። ልጅዎ በራሱ አካውንት ላይቭ የሚገባ ከሆነ ዕድሜውን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ አስገብቷል ማለት ነው፤ በዚህም ለታዳጊዎች የተዘጋጀው ጥበቃ ሁሉ ቀርቶበታል። አብራችሁ ተቀምጣችሁ ዕድሜውን አስተካክሉ፤ የሰው ስም የተጠራባቸውን ቪዲዮዎች ደግሞ እርስዎ ሳይሆኑ እሱ በገዛ እጁ ያጥፋቸው።

ጥያቄ፦ 17 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። በአንድ ዲስ (ሰው በሚሰደብበት የራፕ ዘፈን) ላይ ስሜን ጠርተው እናቴን ሰደቡብኝ፤ «ብትመጣ እንገልሃለን» ብለውም ጨመሩ። ዝም ካልኩ ፈሪ ልባል ነው። ልመልስ ወይስ ልተው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እናትህ ስትሰደብ መቆጣትህ የሚያስነቅፍህ አይደለም። ግጥም ጻፍ፤ ነገር ግን ስም፣ ሠፈርና ዛቻ አታስገባበት። በኮምፒውተር ወንጀል ዐዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ሰውን ወይም ቤተሰቡን በቪዲዮ፣ በድምፅ ወይም በጽሑፍ ከባድ ጉዳት አደርሳለሁ ብሎ ማስፈራራት ያሳስራል፤ ይህ ለእነሱም ለአንተም እኩል ይሠራል፤ ከ15 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ደግሞ ልጅ ነኝ ብሎ ከተጠያቂነት አያመልጥም። የዛቱብህን ቪዲዮ ከማጥፋታቸው በፊት ቅዳው፤ የወጣበትን ቀንና አካውንቱን መዝግብ። ዛሬውኑ ለአባትህ ወይም ለምታምነው አጎትህ አሳየውና ፖሊስ ጣቢያ አብራችሁ ሂዱ። ወደ ሠፈራቸው ግን ብቻህንም ሆነ ከጓደኞችህ ጋር እንዳትሄድ፤ ወዴት እንደምትሄድና የት እንዳለህም በስልክህ ላይ አትለጥፍ።