ባለቤቴ ከስትሮክ እንዲያገግም እንዴት ልርዳው?

ጥያቄ፦

የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ ባለቤቴ የ58 ዓመት ሰው ሲሆን ከቆየ የደም ግፊት ሕመሙ የተነሣ ከአራት ወር በፊት በስትሮክ ወድቆ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ሕይወቱ ተርፎ ቤት ከገባ ወዲህ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ በደንብ አይታዘዙለትም፤ የምንለውን ይረዳል፣ መናገር ግን ይቸግረዋል። እኔም ሱቄን ዘግቼ ከጎኑ ሳልለይ አጎርሰዋለሁ፣ አለብሰዋለሁ፣ ቃል ሲጠፋው ቀድሜ እናገርለታለሁ። እሱ ግን ይቆጣኛል፣ አንዳንዴም ያለቅሳል፤ የታዘዘለትን እንቅስቃሴም ትቷል። ዘመዶቻችን ጠበል እንዲገባና እስኪጨርስ ድረስ መድኃኒቱን እንዲያቆም ይመክሩናል። ከእንግዲህ ለውጥ ይኖረዋል ወይስ በዚሁ ይቀራል? እኔስ ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦

የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድመን አስቸኳዩን እንመልስ፤ መድኃኒቱ አይቋረጥ። አንድ ጊዜ ስትሮክ የደረሰበት ሰው ለሁለተኛው ይበልጥ የተጋለጠ ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት ሲቆም ደግሞ ግፊቱ ታማሚው ምንም ሳይሰማው ተመልሶ ይወጣል። ጠበሉን የሚከለክል ሐኪም የለም። አቡነ ጳውሎስም በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ መክረው ነበር። ጥንቃቄ የሚያሻው ባለቤትዎ በሚያዳልጠው ወለል ላይ እንዳይወድቁና ጠበሉን ሲጠጡ ትን እንዳይላቸው ነው፤ ከስትሮክ በኋላ የመዋጥ ችግር ያለበትን ሰው ከሁሉ በላይ ትን የሚለው ቀጭን ፈሳሽ ነውና። ሲበሉም ሆነ ሲጠጡ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይጎንጩ፣ ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይተኙ ይቆዩ። በምግብ ሰዓት የሚያስላቸው ወይም ድምፃቸው ውሃ ጉሮሯቸው ውስጥ የቀረ የሚመስል ከሆነ ለሐኪማቸው ይንገሩ።

ለውጥን በተመለከተ፣ ፈጣኑ መሻሻል የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት መሆኑ እውነት ነው፤ ከዚያ በኋላ እየዘገየ ይሄዳል እንጂ አይቆምም፤ ንግግር በተለይ ከዓመት በኋላም ሊሻሻል ይችላል። የተጎዳው የአንጎል ክፍል ባይመለስም ሌላው ክፍል ሥራውን ተክቶ ሊማር ይችላል፤ የሚማረው ግን ታማሚው ራሱ ያንኑ እንቅስቃሴ ደጋግሞ ሲሠራው ነው።

እዚህ ላይ የእርስዎ ድርሻ ይመጣል፤ ለመናገርም የሚከብደን እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም በእኛ ዘንድ ማጉረስ ፍቅር ነው፤ ለታመመ ባል አለማጉረስም ጭካኔ ሊመስል ይችላል። ሆኖም የሚያጎርሱት ጉርሻ ሁሉ እጃቸው ሊለማመድ ይችል የነበረውን አንድ ዕድል ይወስዳል። ምናልባት ባለቤትዎን የሚያስቆጣቸውም ይኸው ሳይሆን አይቀርም፤ የቤቱ አባወራ የነበሩ ሰው እንደ ሕፃን መያዛቸው ያማቸዋል። በግራ እጅ መብላት ነውር የሚመስላቸው ከሆነ ለጊዜው ማንኪያ ይስጧቸውና የደከመው ቀኝ እጅ ሳይረሳ የሳህኑን ጠርዝ ይያዝ። ልብስ ሲለብሱ መጀመሪያ የደከመው እጅ ወደ እጅጌው ይግባ፣ ሲያወልቁ ደህናው ይቅደም፤ እርስዎ የሚቀረውን ብቻ ያግዙ። ሃያ ደቂቃ ቢፈጅም ይታገሱ። የደከመውን እጃቸውን ግን ይዘው ጎትተው አያስነሷቸው፤ ትከሻቸው ከቦታው ሊወጣ ይችላል። ከወንበር ሲነሡ ሁለቱም እግሮቻቸው መሬት ረግጠው ወደ ፊት ጎንበስ ይበሉ፣ ከዘራውንም በደህናው እጃቸው ይያዙ።

በንግግርም እንዲሁ ነው። ቃሉ እስኪመጣላቸው ዝም ብለው ይጠብቁ፤ እጅግ ከተቸገሩ ብቻ በአዎ ወይም በአይደለም የሚመለስ ጥያቄ ያቅርቡላቸው። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፤ ጠያቂ ሲበዛ አንድ አንድ ሰው ይግባላቸው። በእርሳቸው ፊት ስለ እርሳቸው ለጠያቂ ሲነገር ሁሉን እንደሚሰሙ አይርሱ።

ልቅሶውንና እንቅስቃሴ መተዋቸውን ግን በትዕግሥት ብቻ ማለፍ የለብዎትም። ስትሮክ ከደረሰባቸው ሰዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ የድብርት ሕመም ያገኛቸዋል፤ ያለ ምክንያት ድንገት ማልቀስም ከአንጎሉ ጉዳት ሊመጣ ይችላል። ሁለቱም ሕክምና አላቸው፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሐኪማቸው በግልጽ ይናገሩ፣ በዚያው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እንዲያያቸው ይጠይቁ። ቤት ውስጥ ግፊታቸውን እየለኩ ይመዝግቡ፤ ብዙውን ጊዜ ከ130/80 በታች እንዲሆን ይመከራል፤ የእርሳቸውን ልክ ግን ሐኪማቸው ይወስናል። ጨው ሲቀንሱ በበርበሬውና በሽሮው ውስጥ ቀድሞ የተጨመረውንም ያስቡት። ፊታቸው በአንድ ወገን ከተጣመመ፣ እጃቸው ወይም እግራቸው እንደ አዲስ ከደከመ ወይም ንግግራቸው በድንገት ከባሰ እስኪነጋ አይጠብቁ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ሱቅዎን በተመለከተ፣ ሳይጠይቁን እንመክርዎታለን፤ በቀን ለጥቂት ሰዓት ይክፈቱት። ጠበል የሚመክሩት ዘመዶች ተራ ይግቡ፤ እንዴት እንደሚያስነሷቸውና በምግብ ሰዓት እንዴት እንደሚያስቀምጧቸው አንድ ጊዜ በተግባር ያሳዩዋቸው። እርስዎ በሌሉበት ዘመዶቹ ሁሉን እንዳይሠሩላቸው፣ ባለቤትዎ ራሳቸው እንዲሞክሩ መመሪያው ለሁሉም አንድ ይሁን።