ማሽኑ ይጮሃል፣ እኔ ቆርኪ እለቅማለሁ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የአጎቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ ሜታል ዲቴክተር (የተቀበረ ብረት ሲያገኝ የሚጮህ ማሽን) ይዞልኝ መጣ። አያቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ጣሊያን ሲገባ አባቴ ጠገራ ብር በገንቦ አድርጎ ጓሮ ቀብሯል» ትል ነበር። ጓሮው ያለው ዘጌ ነው። ሁለት ቅዳሜ ሄጄ ፈለግሁ። ማሽኑ በየእርምጃው ይጮሃል፤ የማገኘው ግን ቆርኪና ምስማር ነው። ተበላሽቶ ይሆን? ጓደኞቼ ደግሞ «ጎርጎራ ያለው ጥንታዊ ፍርስራሽ ጋ እንሞክር» እያሉኝ ነው። ምን ይመክሩኛል?
(ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ማሽንህስ ደህና ነው፤ ጉዱ ያለው አፈራችን ላይ ነው። የጣና ዙሪያ ድንጋይ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ብረት አለበት። ስለዚህ ባዶ መሬት ላይም ያስጮኸዋል። የአፈሩን ብረት እንዳይቆጥር የሚያደርገውን «ግራውንድ ባላንስ» የሚል ቁልፍ ፈልግ። ቆርኪም ምስማርም የሌለበት ቦታ ላይ ሰሃኑን (የማሽኑን ክብ ጫፍ) ከፍ ዝቅ እያደረግህ ጸጥ እስኪል አስተካክለው። ከዚያ መሬት አስጠግተህ ቀስ ብለህ ግራ ቀኝ አንሸራትት። ሣር እንደሚያጭድ ሰው ጫፉ ላይ ወደ ላይ አታንሳው።

ማርትሬዛ፣ ማለትም አያትህ ያሉት ጠገራ ብር፣ 28 ግራም ይመዝናል፣ ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ብር ኤሌክትሪክ በደንብ ስለሚያስተላልፍ ድምፁ ቀጭንና ጥርት ያለ ይሆናል። የምስማር ድምፅ ይቆራረጣል፤ ዞረህ በሌላ በኩል ስትሞክረው ደግሞ ይለወጣል። ስለዚህ ስለጮኸ ብቻ ዶማ አታንሳ፣ ዞረህ ድገመው። ቆርኪ ግን አታላይ ነው።

አምና እህቴ ልብስ ስታጥብ የጋብቻ ቀለበቷ ጠፋባት። እኔ ማሽን ተውሼ ጓሮዋን ማሰስ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ቆርኪ፣ ምላጭና ግማሽ ማጭድ አወጣሁ። ሰለቸኝና ማሽኑን ቀጭን ቆርቆሮና የሲጋራ ብርማ ወረቀት እንዳይቆጥር አደረግሁት። ሁለተኛው ቀን ጸጥ ያለ፣ ደስ የሚል ቀን ሆነ፤ ምንም አላገኘሁም። ለካ ቀጭን የወርቅ ቀለበት ለማሽኑ ከሲጋራ ወረቀት አይለይም! በሦስተኛው ቀን ሁሉን ከፍቼ ስመለስ ቧንቧው ሥር፣ ሁለት ጣት ጥልቀት ላይ ተገኘ። ጭቃ ሞልቶት ነበር። እህቴ በደስታ ስትጮህ ጎረቤት ሰው የሞተ መስሎት ሮጦ መጣ።

ስለ ገንቦው እውነቱን ልንገርህ? የተቀበረ ገንቦ የማይወራበት ቤት በእኛ አገር የለም። መጀመሪያ የቤተሰቡን ታላላቆች ጠይቅ፤ ድሮ ወጥቶ ተበልቶም ይሆናል። ዘጌ ደግሞ ሞፈር የማይገባበት አገር ነው፤ በቡናው ሥር ጉድጓድ ስትምስ ዝም የሚልህ እንዳይመስልህ። የቆፈርከውን መልሰህ ድፈን። ጥይት የሚመስል ነገር ካየህ እጅህን አንሳና ለፖሊስ ንገር።

ጎርጎራ ግን እንዳትሄድ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግን ይከለክላል። ገዳማቱ አካባቢም፣ ጢስ ዓባይ ያለው አሮጌው ድልድይ አጠገብም ያው ነው። ጓሮህ ስትቆፍር ሳታስበው ጥንታዊ ነገር ቢወጣስ? እዚያው ተወውና በአቅራቢያህ ላለው የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት አሳውቅ። አዋጁ አግኝቶ ላስረከበ ሰው ተገቢ ሽልማት ይሰጠው ይላል። አጥኚዎቹ የሚፈልጉት ሳንቲሙን ብቻ አይደለም፤ ስንት ጥልቀት ላይ፣ ከየትኛው ገል አጠገብ እንደተኛም ነው። አንዴ ከነቀልከው ያንን ማንም መልሶ አያገኘውም። በአመድና በሎሚም አትፈትገው።

ማርትሬዛ ላይ 1780 የሚል ካየህ ደግሞ አትደንግጥ። ሳንቲሙ ላይ ያለችው ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት የፈረንጅ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ የተመታውም ሁሉ ይህንኑ ቁጥር ይዟል።

የተዋስኩትን ማሽን መልሻለሁ። ሰሞኑን ደግሞ የጎረቤቴ ልጅ የሞተር ቁልፉን ሣር ውስጥ ጥሏል። ቅዳሜ ጎርጎራ መሄዱን ትተህ ብትመጣ ቡናው በእኔ ነው።