«ዘሩ አገሬን አልወደደውም ይሆን?»

ጥያቄ፦ ዘመዴ አርሲ ላይ ጥሩ ምርት ያፈሰበትን የቢራ ገብስ አምጥቼ ደብረ ብርሃን አካባቢ አንድ ጥማድ ሙሉ ዘራሁት። ነሐሴ ሲገባ ከወንዙ በኩል ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ሄደ፤ ቁመቱም ቀረ። ከቤት በላይ ያለው የአገሩ ገብስ ግን ደህና ነው። ዘሩ አገሬን አልወደደውም ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዐይኔ የቆመው «ከወንዙ በኩል ጀምሮ» ያሉት ላይ ነው። ጥፋቱ የዘሩ ቢሆን ማሳው ሁሉ እኩል ይቀየር ነበር። የእርስዎን ገብስ የጎዳው ውሃ ይመስለኛል፤ ጤፍ ውሃ የተኛበትን መሬት ይችላል፣ ገብስ ግን አይችልም። ከታችኛው ጫፍ አንዱን ነቅለው ሥሩን ይዩት። አጭርና ቡናማ ከሆነ፣ ሲያሸቱትም የረግረግ ጠረን ካለው፣ ዛሬውኑ ፈሰስ ያውጡለት።

አሁን ግን ልቆጣዎት። ከሩቅ የመጣ ዘር በመጀመሪያው ዓመት ጥማድ ሙሉ አይዘራም። ሰው የዘመዱን ክምር አይቶ ይዘራል፣ የዘመዱን መሬት ግን አያይም፤ ይህን በየክረምቱ እያየሁ አዝናለሁ። ደግሞስ ከላይ ያለውን የአገር ገብስ ከታች ካለው አዲስ ጋር ማስተያየት መሬትን ከመሬት ማስተያየት ነው።

ለመጪው ሰኔ ከአዲሱም ከአገሩም 150 ግራም ዘር ብቻ ያስቀምጡ። ከላይ፣ ከመካከልና ከወንዙ ዳር ቦታ ይምረጡ። በየቦታው 2 ሜትር በ2 ሜትር ተኩል የሆኑ ሁለት መደቦች ጎን ለጎን አውጥተው በችካል ይለዩ፤ ለአንዱ መደብ 50 ግራም ይበቃዋል። አዲሱን አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ያድርጉት። የሚዘሩበት ቀን፣ ማዳበሪያውና አረሙ አንድ ይሁን፤ ለአዲሱ ማድላት ራስን ማታለል ነው። የምርምር ማዕከላትም አዲስ ዝርያ የሚፈትኑት እንዲሁ ከነባሩ ጎን አሰልፈው ነው።

የዘረዘረበትን ቀን ልጆችዎ ደብተር ላይ ይጻፉልዎት። ብዙ የቢራ ገብስ ዘሩ ከአውሮፓ ነው፤ እዚያ በበጋ ቀኑ እስከ 16 ሰዓት ይረዝማል፣ እኛ ጋ ግን 13 ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ አንዳንዱ ዝርያ እዚህ ሲዘራ ዘግይቶ ይዘረዝራል። በእናንተ አገር የዘገየን ገብስ የጥቅምት ውርጭ እንደሚያገኘው እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

ሲደርስ የየመደቡን ለየብቻ አጭደው፣ ወቅተው ይመዝኑ። ከአንድ መደብ የተገኘ 1 ኪሎ በሄክታር 20 ኩንታል ማለት ነው። ሁለት ክረምት እንዲህ ካዩት በኋላ ጥማዱን ይስጡት።